የቤት ሲኒማን ድምፅ ሲያሻሽሉ ስፒከሮችን ማጣጣም ለምን ያስፈልጋል?

በሰሜን ለንደን፣ በኤንፊልድ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ኤድመንተን የቤቶቿ ግድግዳ የሚጋራ ሰፈር ናት። በፎር ስትሪት ግራና ቀኝ ባሉት መንገዶች ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በኤድመንተን ግሪን የገበያ ማዕከል ላይ ደግሞ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ቆመዋል። እንዲህ ባለ ቤት ሳሎኑ ጠባብ፣ ጎረቤቱ ቅርብ ነው። ሆኖም ፊልምን እንደ ሲኒማ አዳራሽ በዙሪያ ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሰው በዚያም አይጠፋም።

ብዙዎች ይህን ምኞታቸውን የሚያሳኩት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር ያሉትን ርካሽ ጥቅል ይገዛሉ። ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ሁለቱን የፊት ስፒከሮች በተሻሉ ይተካሉ። ያን ጊዜ ግን ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል፤ ሙዚቃው አምሮ ሳለ የተዋንያኑ ንግግር ከቀድሞው ይልቅ ደብዝዞ ይሰማል። ገንዘብ ወጥቶበት ድምፁ የከፋው ለምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው በአንዱ ስፒከር ጥራት ሳይሆን ስፒከሮቹ እርስ በርስ ባላቸው መጣጣም ነው።

ከአንድ ስፒከር ወደ ብዙ

እ.አ.አ በ1934 በኤድመንተን ‘ሪጋል’ የተባለ ትልቅ ሲኒማ ቤት ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ሕንጻው የለም። በዚያ ዘመን ተመልካቹ የሚሰማው የፊልም ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ከአንድ አቅጣጫ የሚወጣ ነበር። ተዋናዩ በግራ ቆሞ ሲናገር ድምፁ ከመሀል ይመጣል።

ይህ ጉድለት የለንደን ተወላጅ የሆነውን መሐንዲስ አለን ብሉምላይንን እንዳሳሰበው ይነገራል። ብሉምላይን ኢኤምአይ በተባለው ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በታኅሣሥ ወር 1931፣ ዛሬ ‘ስቴሪዮ’ የምንለውን የሁለት መስመር ድምፅ የሚመለከት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው፤ የሰው ልጅ ሁለት ጆሮ ስላለው፣ በሁለት ስፒከሮች መካከል የሚፈጠረውን ጥቂት ልዩነት ተጠቅሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይገምታል።

ከዚያ በኋላ እርምጃው ቀጠለ። ዋልት ዲዝኒ በ1940 ‘ፋንታዚያ’ የተሰኘውን ፊልም በልዩ የብዙ ስፒከር ሥርዓት አሳየ። በ1992 ‘ባትማን ሪተርንስ’ በዶልቢ ዲጂታል ሲቀርብ፣ በተለምዶ 5.1 የሚባለው አደረጃጀት በሲኒማ ቤቶች መስፋፋት ጀመረ። አምስቱ ቁጥር የሚያመለክተው የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መካከለኛ፣ የጎን ግራና የጎን ቀኝ ስፒከሮችን ነው። ነጥብ አንዱ ደግሞ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየውን መስመር ያሳያል። በ2012 የመጣው ዶልቢ አትሞስ በዚህ ላይ ከጣሪያ በኩል የሚመጣ ድምፅን ጨመረበት።

የስፒከሮቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የመጣጣማቸው ጉዳይ የበለጠ አሳሳቢ ሆነ። ፊልም የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በመጋረጃው በኩል ያሉት ስፒከሮች አንድ ዓይነት በሆኑበት ክፍል ነውና፣ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ጠባዩ አይለወጥም ብለው ይነሣሉ።

ቃና ሲለያይ

ክራርና ማሲንቆ በአንድ ቅኝት ተቃኝተው አንድ ዓይነት ድምፅ ቢያወጡ፣ አድማጭ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን የቱ ክራር የቱ ማሲንቆ እንደሆነ ይለያል። የድምፁ ከፍታ አንድ ነው፤ ቃናው ግን የተለያየ ነው። ስፒከሮችም እንዲሁ የየራሳቸው ቃና አላቸው። ይህን የሚወስነው ድምፅ አውጪው ክፍል የተሠራበት ቁስ፣ የሳጥኑ ቅርጽና መጠን፣ እንዲሁም በውስጡ ድምፁን ወደ ቀጭንና ወፍራም የሚከፍለው የኤሌክትሪክ ክፍል ነው።

አንድ መኪና በፊልሙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ እናስብ። ሦስቱ የፊት ስፒከሮች ከተጣጣሙ መኪናው በሳሎኑ ፊት ለፊት እንዳለፈ ይሰማል። መካከለኛው ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ግን፣ መኪናው መሀል ሲደርስ ሌላ መኪና የሆነ ይመስላል፤ ወደ ቀኝ ሲሻገር ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይሆናል። በዚያች ቅጽበት አድማጩ ፊልሙን ትቶ ስፒከሮቹን መስማት ይጀምራል።

ጉዳዩ ከመኪና ይልቅ በንግግር ላይ ይብሳል። በዙሪያ ድምፅ በተቀናበረ ፊልም አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከመካከለኛው ስፒከር ነው። የቃላት ጥራት ደግሞ በአመዛኙ የተመሠረተው በተነባቢ ድምፆች ላይ ነው። በአማርኛ ‘መታ’ እና ‘መጣ’ የሚለዩት በ‘ተ’ እና በ‘ጠ’ መካከል ባለ እጅግ አጭር ልዩነት ነው። የተነባቢዎችን ልዩነት ለመለየት የሚያግዘው ድምፅ በብዛት የሚገኘው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ሲሆን፣ በብዙ ስፒከሮች ውስጥ ትልቁ ድምፅ አውጪ ለትንሹ ሥራውን የሚያስረክበው በዚሁ አካባቢ ነው። ርክክቡ በሁለት ስፒከሮች ላይ በተለያየ መንገድ ከተከናወነ፣ የቃና ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው ጆሮ ለንግግር በሚነቃበት በዚሁ ቦታ ነው ማለት ነው።

በኢንተርኔት የሚታዩ ብዙ የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች በሁለት መስመር፣ ማለትም በስቴሪዮ የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህን በቀጥታ ካጫወቷቸው ንግግሩ የሚወጣው ከግራና ከቀኝ ስፒከሮች ነው። ማሽኑ ወደ ዙሪያ ድምፅ እንዲለውጠው ካዘዙት ግን ንግግሩን ለይቶ ወደ መካከለኛው ይልከዋል። ስለዚህ አንዱን ድራማ በሁለቱ መንገዶች ማዳመጥ ጥሩ ፈተና ነው። የተዋናዩ ድምፅ በአንደኛው መንገድ ጥርት ያለ፣ በሌላው ግን የታፈነ ከሆነ፣ ስፒከሮቹ አለመጣጣማቸውን ያመለክታል።

መጀመሪያ የቱ ይገዛ?

ገንዘብ በአንድ ጊዜ የማይገኝ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሦስቱን የፊት ስፒከሮች፣ ማለትም ግራ፣ መካከለኛና ቀኝን፣ እንደ አንድ ዕቃ መቁጠር ይበጃል። ሲቻል ከአንድ አምራች፣ ከአንድ የምርት ተከታታይ፣ በአንድ ላይ መግዛት ይመረጣል። የአምራቹ ስም አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም። አንድ ኩባንያ ርካሽና ውድ ተከታታይ ምርቶች ይኖሩታል፤ የሁለቱ ቃናም ሊራራቅ ይችላል።

ከተቻለ ደግሞ ሦስቱም ፍጹም አንድ ዓይነት ሞዴል ቢሆኑ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ የማይሆነው ቴሌቪዥኑ ቦታውን ስለሚይዝ ነው። በዚህ ምክንያት አምራቾች በአግድም የሚተኛ መካከለኛ ስፒከር ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር በቀላሉ ይቀመጣል። ሆኖም ሁለት ድምፅ አውጪዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ ከመሀል ርቆ በሶፋው ጫፍ ለተቀመጠ ሰው የሁለቱ ድምፅ ተገጣጥሞ አይደርሰውም፤ የተወሰነው የንግግር ክፍል ይዳከምበታል። ለቤተሰብ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት በጫፍ ተቀምጦ ማዳመጥ ይገባዋል።

የጎን ስፒከሮች የሚሸከሙት በአብዛኛው የአካባቢ ድምፅን፣ ማለትም ዝናብን፣ የሕዝብ ጫጫታንና ማሚቶን ነው። ስለዚህ እነርሱ ለጊዜው ከፊተኞቹ ቢለዩ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አሮጌዎቹን የፊት ስፒከሮች ወደ ጎን ማዛወርም የተለመደ ብልሃት ነው። ሰብዉፈር ደግሞ የሚያወጣው እጅግ ወፍራም ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከሌላ አምራች ቢገዛ ችግር የለውም።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

በስፒከር ሳጥን ላይ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ዋቱን ነው። ለማጣጣም ግን ከዋት ይልቅ ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛው ስፒከሩ በተወሰነ ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ በዴሲቤል የሚገልጸው ልኬት ነው። አንዱ ስፒከር 90፣ ሌላው 87 ዴሲቤል ከሆነ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል እንዲጮኽ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ከሆነ አራት እጥፍ ያስፈልገዋል። አምፕሊፋየሩ ይህን ልዩነት በማስተካከያው ሊያካክሰው ይችላል፤ ነገር ግን ደካማው ስፒከር የሚጠይቀው ኃይል ከአቅሙ ካለፈ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ነው። በቤት ውስጥ የተለመዱት 4፣ 6 እና 8 ኦም ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ማያያዝ ተቃውሞውን ወደ 4 ኦም ያወርደዋል። አምፕሊፋየሩ ለዚህ ያልተሠራ ከሆነ ይግላል፤ ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈውን ዝቅተኛ የኦም መጠን ማንበብ ግድ ነው።

ገመዱን በተመለከተ፣ ለተለመደ ሳሎን መካከለኛ ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በቂ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መጋጠሙ ነው። በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገላበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ንግግሩም ቦታ አጥቶ ይንሳፈፋል። ብዙ ጊዜ ‘ስፒከሮቹ አልተጣጣሙም’ የሚያሰኘው ጥፋት ይህ ሆኖ ይገኛል።

ማሽኑ አያስተካክለውም?

የዛሬ አምፕሊፋየሮች ከትንሽ ማይክሮፎን ጋር ይሸጣሉ። ማይክሮፎኑ በመቀመጫው ላይ ሲደረግ ማሽኑ ከየስፒከሩ ድምፅ እያወጣ ርቀቱን፣ መጠኑንና ቃናውን ይለካል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ስፒከር በ1 ሜትር ቢቀርብ ድምፁ በ3 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይደርሳል። ማሽኑ የቀረበውን ያዘገየዋል፤ የጮኸውንም ይቀንሰዋል። ይህ እጅግ ጠቃሚ ሥራ ነው።

ቃናን ግን ሙሉ በሙሉ አንድ ማድረግ አይችልም። ምክንያቱም እኛ የምንሰማው ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ የሚደርሰንንም ጭምር ነው። ሁለት ስፒከሮች ወደ ፊት የሚልኩት ድምፅ በማስተካከያ ቢቀራረብም፣ ወደ ጎን የሚበትኑት ከተለያየ በሳሎን ውስጥ ተለያይተው ይሰማሉ። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለዓመታት የሠሩት ፍሎይድ ቱል አጥብቀው ካስረዷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስፒከር ወደ ጎን የሚልከው ድምፅ በክፍል ውስጥ ለሚሰማው ጥራት ወሳኝ ድርሻ አለው። ይህ የአሠራር ጉዳይ ስለሆነ በማስተካከያ ቁልፍ አይለወጥም።

መጣጣማቸውን በጆሮ ለመፈተን፣ አምፕሊፋየሩ በየስፒከሩ በተራ የሚያሰማውን የመለኪያ ድምፅ ማዳመጥ ይቻላል። ድምፁ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ነው። ከግራ ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ቀኝ ሲሄድ ዝናቡ ቦታውን ብቻ ከቀየረ ስፒከሮቹ ተጣጥመዋል። በየቦታው ሌላ ዓይነት ዝናብ ከሆነ ግን አልተጣጣሙም።

ሞዴሉ ከገበያ ከጠፋ

ስፒከር ለረጅም ዓመታት ያገለግላል፤ ሞዴሉ ግን በጥቂት ዓመታት ከመደብር ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሦስት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው ያገለገለ መግዛት ነው። በብሪታኒያ ያገለገሉ ስፒከሮች ገበያ ሰፊ ነው። ሆኖም በድምፅ አውጪው ዙሪያ ያለውን ቀለበት መመርመር ያስፈልጋል። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል።

ሁለተኛው ከዚያው አምራች ተመሳሳይ ቀጭን ድምፅ አውጪ የተገጠመለትን ቅርብ ሞዴል መፈለግ ነው። መጠኑ ቢለያይም በንግግሩ አካባቢ የሚኖረው ልዩነት ይጠባል።

ሦስተኛው ብዙዎች የማያስቡት፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ ነው፤ መካከለኛውን ስፒከር ማንሣት። በአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ ‘መካከለኛ የለም’ ተብሎ ሲመረጥ፣ ንግግሩ ለግራውና ለቀኙ እኩል ይከፋፈልና ከመሀል የመጣ መስሎ ይሰማል። ይህ በትክክል የሚሠራው በመሀል ለተቀመጠ ሰው ነው። ብቻውን ወይም ለሁለት ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ካልተጣጣመ መካከለኛ ስፒከር የተሻለ ነው።

ሳሎኑና ጎረቤቱ

በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር መሠረት፣ የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከመሀል መስመር 30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው። በጠባብ ሳሎን ሶፋው ብዙ ጊዜ ከኋላ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ይህን ማሟላት ያስቸግራል። ሶፋውን ጥቂት ወደ ፊት ማውጣት አዲስ ስፒከር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ወፍራም ድምፅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ከብዙ ሳሎኖች ስፋት ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ የጋራ ግድግዳንና ወለልን እንደ ከበሮ ያንቀጠቅጣል። በተለምዶ ትናንሽ ስፒከሮች ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈር እንዲተዉ ይደረጋል። አዲስ ስፒከር ሲገባ ይህ መለያ ነጥብ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ሰብዉፈሩን ከማእዘን ማራቅና ከሥሩ ለስላሳ ንጣፍ ማድረግም ይረዳል።

ይህ የጉርብትና ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ ጎረቤትን የሚያውክ ጫጫታ ሲኖር የአካባቢ ምክር ቤቶች እንዲያስቆሙ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በ1996 የወጣው የጫጫታ ሕግ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ በጎረቤት ቤት ውስጥ የሚለካ ወሰን አስቀምጧል። የአካባቢው ድምፅ ከ24 ዴሲቤል የማይበልጥ ከሆነ ወሰኑ 34 ዴሲቤል ነው። ማስጠንቀቂያ ደርሶት የጣሰ ሰው ቅጣት ሊከፍል፣ ዕቃውም ሊወሰድበት ይችላል።

የተጣጣሙ ስፒከሮች እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አላቸው። ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲሰማ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰብ ሌሊት ድምፁን የሚጨምረው ፍንዳታውን ፈልጎ ሳይሆን ቃላቱ አልሰማ ብለውት ነው።

አሮጌው የት ይሂድ?

ኤድመንተን የሰሜን ለንደን ሰባት ክፍለ ከተሞች ቆሻሻ የሚቃጠልባት ናት። ከ1971 ጀምሮ የሚሠራው የኤድመንተን ኢኮፓርክ ማቃጠያ የቆሻሻውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የሚሠራን ስፒከር ወደዚያ በሚሄድ ከረጢት መጣል ግን ብክነት ነው፤ በውስጡ መዳብና ማግኔት አለ። ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት መስጠት ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ለብቻቸው በሚሰበሰቡበት ማዕከል ማስረከብ ይገባል። በብሪታኒያ ሻጮችም አዲስ ሲሸጡ ደንበኛው ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ በነጻ የሚያስወግድበትን መንገድ የማመቻቸት ግዴታ አለባቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ መላክ ለሚያስብ ደግሞ፣ በገመድ ከአምፕሊፋየር ጋር ብቻ የሚያያዙ ስፒከሮች ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር ስለማይገናኙ ምንም ለውጥ አይሹም። የራሱ ኃይል ያለው ሰብዉፈርም፣ የብሪታኒያው 230 ቮልት ከኢትዮጵያው 220 ጋር ስለሚቀራረብና ሁለቱም 50 ኸርዝ ስለሆኑ፣ በአብዛኛው መሰኪያው ብቻ ነው የሚቀየርለት። ሲልኩ ግን የፊት ሦስቱን አይነጣጥሏቸው። አንዱ እዚህ ቀርቶ ሁለቱ ሲሄዱ፣ በለንደንም በአዲስ አበባም ያልተጣጣመ ሳሎን ይፈጠራል።

አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ግን ነጻ የሆኑትን እርምጃዎች በቅድሚያ ይሞክሩ። የገመዶቹን ቀለም ይመርምሩ፤ ሶፋውን ከግድግዳ ያውጡ፤ መካከለኛውን ስፒከር ወደ ጆሮ ያዘንብሉ፤ ማይክሮፎኑን አውጥተው ልኬቱን እንደገና ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የዝናቡ ድምፅ በሦስቱ ስፒከሮች የተለያየ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ገንዘብዎን በአንድ ስፒከር ላይ ሳይሆን በሦስቱ ላይ ያውሉት። ለጊዜው ካልበቃዎት ደግሞ እስኪሞላልዎ መጠበቁ ይሻላል።